ለቀብር የሚሮጥ ቅሬ ለቁምም ይሩጥ

ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ምን እናድርግ ብሎ የሚጨነቅ የለም። ቅሬው፣ ማለትም እድሩ፣ ይጠራል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ያ ሁሉ ሰው ግን ሟቿ እናት በሕይወት እያሉ፣ በእርጅና ብቻቸውን ሲኖሩ፣ ስንቴ ቤታቸው ገባ? ልጆቻቸው አንዷ ጅዳ ናት፣ አንዷ ቤሩት፣ ወንዱ አዲስ አበባ። በኢሞ ይደውላሉ፣ ብርም ይልካሉ። ብር ግን ውሃ አይቀዳም። "እኛ ጋ ኑ" ሲሏቸው ደግሞ እምቢ ይላሉ። ቡና የሚጣጡት እዚህ፣ መስጊዱ ወይ ቤተ ክርስቲያኑ እዚህ፣ የባላቸው መቃብር እዚህ፤ እምቢ ቢሉ ምን ይገርማል?

እንግዲህ አዛውንቶች በቤታቸው ይኑሩ ካልን ሥራው የጎረቤት ነው። እኛ ደሴ ሰፈራችን ላሉ አንዲት እማማ ስንሞክረው ብዙ ተሳስተናል። የተማርነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ራሳቸውን ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ምግብ ማመላለስ ጀመርን። ሁለት ሳምንት ከተመላለስን በኋላ እማማ "ልጆቼ፣ እህሉስ አለኝ፤ የእግሬን ጥፍር ማን ይቁረጥልኝ? ጎንበስ ስል ያዞረኛል" አሉ። አፈርን። አምፖሉም ከተቃጠለ ወር ሆኖት ነበር፣ ማንም አላየውም። ስትጠይቁ ደግሞ "ምን ይቸግርዎታል?" አትበሉ፤ "ምንም፣ አልሐምዱሊላህ" ነው መልሱ። ይልቅ "ትናንት ከተነሱ እስኪተኙ ምን ምን ሠሩ?" በሏቸው። የከበዳቸው ነገር ከወሬው መሃል ይወጣል።

ቀጥሎ ቀን መከፋፈል። "ሁላችንም እናያቸዋለን" ካላችሁ ማንም አያያቸውም። እኛ እንዲህ ብለን አርብና እሁድ ቤታቸው ሰው በሰው ሆነ፣ አራት ቤት እንጀራ አምጥቶ ሻገተ። ማክሰኞና ረቡዕ የረገጠ የለም። ሐሙስ ስንገባ እማማ ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ ትኩሳት ይዟቸው ተኝተዋል፣ ክዳኑ ያልተነሳ ውሃ ከራስጌያቸው ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ አምስት ቤት ብቻ ተመርጦ እያንዳንዱ ቀን ባለቤት አለው። ስሙና ስልክ ቁጥሩ በትልቅ ጽሑፍ በሩ ጀርባ ተለጥፏል። የማይችል ሰው ራሱ ተተኪ ይፈልጋል፣ የሚቆጣጠር አንድ ሰው ደግሞ አለ። የቅሬው ዳኛ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እሱ ሲናገር ይሰማል። ቅሬው ቀብር የቀረን ከቀጣ ተራውን የዘለለን ለምን አይቀጣም? እኛ ጋ ይህን ያነሳነው ቀን ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ፣ በኋላ ግን ጸደቀ።

ምልክትም ተስማሙ። የእኛ ቀላል ነው፦ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት የእማማ በር ካልተከፈተ የቅርቡ ጎረቤት ያንኳኳል። ለዚህ መለዋወጫ ቁልፍ ያስፈልጋል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እሳቸውም ልጆቻቸውም ይወቁ፤ ሳያውቁ ማስቀረጽ ነውር ነው።

ውሃ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁላችንም የምንሳሳትበት ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጎረምሳ ልኮ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ እርዳታ ይመስላል። 20 ሊትር ግን 20 ኪሎ ነው፣ ማን ሊያነሳው? ባለ 3 እና ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖች ላይ ገልብጡት፣ የሚጠጣውን ደግሞ በሃይላንድ አድርጉት። እርጅና ጥማትን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሳይጠማቸውም እንዲጠጡ አስታውሱ። ብዙ አረጋውያን ደግሞ ሆን ብለው ነው የማይጠጡት፤ ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ነው፣ ሌሊት መውጣት ይፈራሉ። እማማም ይህንን የነገሩን ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አልጋ ሥር ፖፖ፣ ራስጌ ባትሪ፣ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ እየያዙ የሚሄዱበት ገመድ ወይም እንጨት ብታደርጉ ውሃውም ይጠጣል።

መውደቅን ፍሩ። በዚያ ዕድሜ አንዴ ከተሰበሩ መነሳቱ ከባድ ነው። የሚንሸራተተውን ፕላስቲክ ምንጣፍ አንሱ፣ የደረጃውን ጫፍ ኖራ ቀቡት እንዲታይ፣ ያለቀ ሸበጥ ጣሉት። የምርኩዙ ጫፍ ላይ ከአሮጌ በረባሶ የተቆረጠ ጎማ ብትቸነክሩ አያንሸራትትም፣ ወጪውም የሚስማር ብቻ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ሲነሱ ሊያዞራቸው ስለሚችል አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቁጭ ብለው ይነሱ።

ከሰል። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። በር ዘግቶ፣ ምድጃ አስገብቶ መተኛት ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም። የማታ ተረኛው ከመሄዱ በፊት እሳቱን ያውጣ፣ በምትኩ አንድ ብርድ ልብስ ይጨመር።

መድኃኒቱ ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ይሁን፣ ጠዋትና ማታ የሚወሰደው በወረቀት ተጽፎ። ማንበብ ለማይችሉ የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል ይበቃል። ረመዳን ወይም ሁዳዴ ሲገባ መድኃኒቱን ዝም ብሎ ወደ ማታ ማሸጋገር የተለመደ ነው፣ በተለይ ለስኳር ሕመምተኛ አደገኛ ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለሙያ ይጠየቅ። እምቢ ካሉ ሼኩን ወይም የንስሐ አባታቸውን አምጡ፤ ለታመመ መፍቀዳቸውን ከእነሱ አፍ ሲሰሙ ይቀበላሉ። ድንገት ፊታቸው ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተኮላተፈ ግን ጠበልም ዱአም ከሆስፒታል በኋላ ይድረስ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ወደ ወረቀቱ ጉዳይ እንምጣ፣ አሰልቺ ቢሆንም። ብዙ ሽማግሌዎች ጡረታ የላቸውም። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የቤት እመቤቷ ከየት ያምጡት? የግል ድርጅት ሠራተኛ እንኳ ጡረታ ያገኘው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ስለዚህ የጤና መድህኑን አትርሱ። ይህ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ሲጀመር ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነው፣ በዚያው በ2003። በየዓመቱ ይታደሳል፣ ተረኛ መድቡለት። መክፈል የማይችሉትን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል፣ ግን ስማቸው ቀበሌው ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት። ምልመላው ሲካሄድ እማማ ቤታቸው ናቸው፣ ስብሰባው ላይ እጁን የሚያወጣላቸው ሰው ያስፈልጋል። የከተማ ሴፍቲኔትም በ2009 ሲጀመር ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። መሥራት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ ነበረው፣ አሁንም እንዳለ ጠይቁላቸው።

ብር የሚነካ ሰው ይጠንቀቅ። ከልጆች የሚላከውን የሚያመጣ አንድ፣ ደብተር የሚጽፍ ሌላ ሰው ይሁን። ስንት መጣ፣ ለምን ወጣ፣ ደረሰኙ የታለ። ደብተሩን በየወሩ ፎቶ አንስታችሁ ለልጆቹ ላኩ። ሐሜት የሚያፈርሰው ቅሬ ብዙ ነው።

አንድ የቀረኝ። እማማ መቀበል ብቻ ሰልችቷቸው ነበር። "እኔ ለማኝ ነኝ እንዴ?" ብለው አንድ ሳምንት በር ዘግተውብናል። አሁን የተራው ወረቀት ላይ እሳቸውም አሉበት። እናቶቹ ገበያ ሲሄዱ ሕፃናቱን ይይዛሉ፣ ምስር ይለቅማሉ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ። ማክሰኞ ቡናው እሳቸው ጋ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከአቦል በኋላ ልሂድ ያለ ሰው ይመረቃል ብላችሁ እንዳታስቡ።