ስለ «ጠፋችው ፕላኔት» ስናወራ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

በማርስና በጁፒተር መካከል የነበረች ፕላኔት ፈነዳች ይባላል። ኒቢሩ የምትባል ደግሞ በየ3,600 ዓመቱ ብቅ ትላለች፣ አንድ ቀን ምድርን ትገጫለች ይባላል። ጥያቄው ራሱ ደስ ይለኛል። የሚቆጨኝ እውነተኛው ታሪክ ከወሬው በላይ እየገረመ ሰሚ ማጣቱ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አስትሮይዶችን የፈነዳች ፕላኔት ስብርባሪ ማድረግ

አስትሮይዶች በፀሐይ ዙሪያ የሚዞሩ፣ ከፕላኔት ያነሱ ድንጋያማ አካላት ናቸው። የፈነዳች ፕላኔት ስብርባሪ ናቸው የሚለው ሀሳብ ሲጀመር ተራ ወሬ አልነበረም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጁዜፔ ፒያትዚ በ1801 ፓሌርሞ ላይ ሆኖ በማርስና በጁፒተር መካከል የምትዞረውን ሴሬስን አገኘ። በዓመቱ ሃይንሪክ ኦልበርስ ፓላስን አገኘና ሁለቱ የአንዲት ፕላኔት ቁርጥራጭ ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። በጊዜው ጥሩ ግምት ነበር። ነገሩ የተበላሸው ሂሳቡ ሲሠራ ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይድ ቀበቶ ያሉት አስትሮይዶች በሙሉ ቢደመሩ የጨረቃችንን መጠነ ቁስ 3 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናሉ። ከዚያም ላይ ከሲሶ በላይ የምትይዘው ሴሬስ ብቻዋን ናት። ከዚህ ፕላኔት ቀርቶ አንድ ደህና ጨረቃም አይወጣም።

ከሰማይ የሚወድቁት ድንጋዮችም የአንድ እናት ልጆች አይደሉም። አንዳንዶቹ ቀልጦ የረጋ ብረት ናቸው፤ ሌሎቹ ከተፈጠሩ ጀምሮ ቀልጠው አያውቁም። እዚያ ፕላኔት ፈነዳች ከማለት ፕላኔት ሳትሆን ቀረች ማለት ይቀላል። የጁፒተር ስበት ድንጋዮቹን እያመሰ ፍጥነታቸውን ስለጨመረው፣ ሲጋጩ ከመጣበቅ ይልቅ ተሰባበሩ።

ቁጥር ስለገጠመ ብቻ ሕግ ነው ማለት

ፕላኔቶች ከፀሐይ ያላቸውን ርቀት በቁጥር ቅደም ተከተል የሚገምተው የቲቲየስና የቦዴ ስሌት በማርስና በጁፒተር መካከል ፕላኔት መኖር አለባት ይል ነበር። በ1781 የተገኘችው ዩራነስም ገጠመችለት። ኔፕቱን ግን ጉድ አደረገችው፦ ስሌቱ የምድርንና የፀሐይን ርቀት 39 እጥፍ ያህል ሲጠብቅ፣ እሷ የተገኘችው 30 እጥፍ ላይ ነው።

ኒቢሩንና «ዘጠነኛዋን ፕላኔት» አንድ ማድረግ

ኒቢሩ የሚለው ስም የባቢሎን ጽሑፎች ውስጥ አለ። ከማርዱክ አምላክ ጋር የተያያዘ ሲሆን ብዙ ጊዜ ጁፒተርን ያመለክታል። የ3,600 ዓመቱን ዙር ያመጣው በ1976 ጸሐፊው ዘካርያ ሲቺን ነው። ከዚያ በ2003 ትመጣለች ተባለ፣ አልመጣችም። ቀኑ ወደ 2012 ተገፋ፣ አሁንም የለችም።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ባቲጊንና ብራውን በ2016 ያቀረቧት «ዘጠነኛዋ ፕላኔት» ሌላ ናት። ካለች ከኔፕቱን ማዶ በጣም ርቃ የምትዞር ናት፤ ወደ እኛ አትመጣም።

«ሁለተኛ ፀሐይ» ያለበትን ፎቶ ማመን

ከፀሐይ አጠገብ ሌላ ብርሃን የሚታይባቸው ፎቶዎች የኒቢሩ ማስረጃ ተብለው ይዞራሉ። ይሄንን በእጃችሁ ሞክሩት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የስልካችሁን ካሜራ ወደ እሷ አዙሩ፤ ዓይናችሁ ስክሪኑ ላይ ብቻ ይሁን። ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ደማቅ ነጥብ ትታያለች። አሁን ስልኩን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ አዙሩት። ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ ወደ ቀኝ ስትሄድ፣ ነጥቧ ወደ ግራ ትሸሻለች። ሰማይ ላይ ያለ ነገር እንዲህ አይሆንም። ነጥቧን የፈጠራት ሌንሱ ውስጥ የተንጸባረቀ ብርሃን ነው። ፀሐይዋን በአንድ ነገር ጫፍ ብትጋርዷት ነጥቧም አብራ ትጠፋለች።

ስሌት ካልገጠመ የጎደለች ፕላኔት አለች ማለት

በዚህ ትልቅ ሰውም ተሳስቷል። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኧርባን ለቬሪዬ ዩራነስ ከተሰላላት መንገድ መዛነፏን በወረቀት አስልቶ አንድ ፕላኔት የት እንዳለች ጠቆመ። በ1846 በርሊን ላይ ቴሌስኮፕ ሲዞር ኔፕቱን ከጠቆመበት አንድ ዲግሪ እንኳ ሳትርቅ ተገኘች። ሜርኩሪም ትንሽ ስትዛነፍ ያንኑ መንገድ ተከተለ፤ በ1859 ለፀሐይ የቀረበች ሌላ ፕላኔት አለች አለ። ቩልካን ተባለች። አየናት የሚሉ ሰዎችም ተነሱ። ለቬሪዬ እያመነባት በ1877 ሞተ። በ1915 አንስታይን አዲሱን የስበት ቀመሩን ይዞ ሲያሰላው፣ የሜርኩሪ መዛነፍ ምንም ፕላኔት ሳይጨመር ልክ መጣ።