ናስ ላይ ያስቀመጣችሁት ፕሮጀክት አልከፈት ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

የጥር ሰርግ ሲደራረብ ቪዲዮ የምናቀናብርበት ማክ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ቦታ ወዲያው ያልቃል። ሀዋሳ ያለችው ስቱዲዮአችን ውስጥ ሦስት ሆነን ነው የምንሠራው። ስለዚህ ፕሮጀክቶቻችንን በኔትወርክ የምንጋራው ሃርድ ዲስክ፣ ማለትም ናሱ ላይ ማስቀመጥ ጀመርን። ናሱ ላይ ዲስክ ኢሜጅ እንፈጥራለን፤ ሁለቴ ሲጫኑት ማኩ ላይ እንደተሰካ ዲስክ ብቅ ይላል። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሮግራም የፋይናል ከት ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮጀክቶቹን የሚይዘው ፋይል፣ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ጥሩ አሠራር ነው፤ ሲበላሽ ግን ያስደነግጣል።

ፋይናል ከት ላይብረሪውን አልከፍትም ካለ

ብዙ ጊዜ ላይብረሪው ያለ ዲስክ ኢሜጅ፣ በቀጥታ ናሱ ላይ ተቀምጦ ነው። ፕሮግራሙ ሁሉንም ዓይነት የኔትወርክ ግንኙነት አይቀበልም። ማኩ ላይ ያለውን የዲስክ ማስተካከያ ፕሮግራም፣ ዲስክ ዩቲሊቲን ክፈቱና ከፋይል ሜኑ ኒው ኢሜጅ፣ ከዚያ ብላንክ ኢሜጅ በሉ። ፎርማቱ ኤፒኤፍኤስ፣ ዓይነቱ ስፓርስ ባንድል ይሁን። ስፓርስ ባንድል ኢሜጁን በትናንሽ ፋይሎች ከፋፍሎ ስለሚያስቀምጠው ናሱ ላይ አንድ ግዙፍ ፋይል አይኖርም። 500 ጊጋባይት ብላችሁ ብትፈጥሩትም የሚይዘው የሞላችሁበትን ያህል ነው። ፋይል ስታጠፉ ግን መልሶ አይቀንስም። ኢሜጁን ኢጀክት አድርጋችሁ (ከማኩ አላቃችሁ) ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ፕሮግራም፣ በተርሚናል፣ የኤችዲአይዩቲልን ኮምፓክት ትዕዛዝ (hdiutil compact) ስጡት።

ቪዲዮው ከተቆራረጠ

በዋይፋይ ከሆነ ኬብል ሰኩ። በኬብልም ካልተሻለ በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ የኤተርኔቱን ፍጥነት እዩ። ኬብሉ ውስጥ 4 ጥንድ ሽቦ አለ። ጊጋቢት አራቱንም ይፈልጋል። አንዷ ስትበጠስ ግንኙነቱ ምንም ሳይናገር ወደ 100 ሜጋቢት ሊወርድ ይችላል። ፕሮሬስ 422 የሚባለው የቪዲዮ ፎርማት በ1080 እና በሰከንድ 25 ፍሬም ብቻውን በሰከንድ 122 ሜጋቢት አካባቢ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አይበቃውም። እኛ ማኩን ስንወቅስ ሰንብተን ጥፋቱ በር ሥር የተጨፈለቀ ኬብል ሆኖ ተገኘ።

ኢሜጁ ተይዟል ካለ

ሌላ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። አንድን ኢሜጅ በአንድ ጊዜ ሊጽፍበት የሚገባው አንድ ማክ ብቻ ነው። የያዘው ሰው ፋይናል ከትን ዘግቶ ኢሜጁን ኢጀክት ያድርግ። ማንም ካልከፈተው፣ ቀድሞ የተቋረጠ ማክ ናሱ ላይ ኢሜጁ ተይዟል የሚለውን ምልክት ትቶት ሄዶ ይሆናል። ናሱን በሥርዓቱ አጥፍታችሁ አብሩት። እኛ ለእያንዳንዱ ሰርግ የየራሱን ኢሜጅ ስለምንፈጥር አንዱ ሌላውን መጠበቅ ቀርቶለታል።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ኢሜጁ ካልተከፈተ

ዋናው ችግር ይኼ ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው እንደበራ ይቀራል። ናሱ ይጠፋል። ፋይናል ከት እየጻፈ የነበረው ነገር መሃል ላይ ይቆረጣል፤ የኢሜጁ የፋይል ማውጫም ሊበላሽ ይችላል። እኛ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ነበረን፤ ያኔም ተበላሸብን። ናሱን ዩፒኤሱ ላይ ሰክተን ማኩንና ናሱን በኬብል የሚያገናኘውን ስዊች ግድግዳው ላይ ትተነው ነበር። ናሱ ቢበራም ስዊቹ ከጠፋ ማኩ አያገኘውም። ሁለቱንም ሰኩ። ከዚያ መብራት ሲጠፋ ሥራ አትቀጥሉ፤ ፋይናል ከትን ዝጉና ኢሜጁን ኢጀክት አድርጉ።

አንዴ ከተበላሸ ደጋግማችሁ ለመክፈት አትታገሉ። መጀመሪያ ስፓርስ ባንድሉን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርጉ። ኮፒው ላይ በዲስክ ዩቲሊቲ ፈርስት ኤይድ የሚለውን መጠገኛ አስኪዱ። በዚህ ሊነሳ ይችላል። ካልተነሳ ማኩ ላይ ሙቪስ ፎልደር ውስጥ ፋይናል ከት ባክአፕስ የሚል ፎልደር ፈልጉ። ቦታውን ካልቀየራችሁት ፕሮግራሙ የላይብረሪውን ቅጂ በራሱ እዚያ ያስቀምጣል። ቅጂው የቆራረጣችሁትንና ያቀናጃችሁትን ይይዛል፤ ቪዲዮዎቹን ግን አይዝም። ስለዚህ ሙሽሮቹ ቪዲዮአቸውን እስኪረከቡ ድረስ የካሜራውን ካርድ ፎርማት አታድርጉ።