ቲምስን ለሁሉም ቅርንጫፍ ከማዳረሳችሁ በፊት

ትልቅ ድርጅት ውስጥ አይቲ ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኢንተርኔት የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ የሚደረግበትን ማይክሮሶፍት ቲምስን አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ብቻ ሞክራችሁ «ይሠራል» አትበሉ። እዚህ ጅማ ቅርንጫፍም ሞክሩት፤ ያውም ሁሉም ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት። የቡና ለቀማ ወቅት ከሆነማ ይበልጥ ጥሩ፣ ስልኩ ፋታ የለውም።

ለአንድ የድምፅ ጥሪ ማይክሮሶፍት የሚመክረው የኢንተርኔት አቅም በሰከንድ 58 ኪሎቢት ነው። 20 ሰው አንዴ ቢደውል 1.2 ሜጋቢት ገደማ ይሆናል፣ ቪዲዮው ሳይቆጠር።

ደግሞ ፋየርዎሉ (የኔትወርኩ በር ጠባቂ) ላይ ዩዲፒ የሚባለው ፈጣን የመረጃ ማስተላለፊያ ዘዴ ከፖርት (መተላለፊያ ቁጥር) 3478 እስከ 3481 መከፈቱን እዩ። ከተዘጋ ጥሪው ለቀጥታ ድምፅ ብዙም በማይመቸው በሌላው ዘዴ፣ በቲሲፒ፣ ይሄድና ድምፁ ሊቆራረጥ ይችላል። እኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኢንተርኔቱን ስንወቅስ ከርመን ችግሩ ይሄው ሆኖ አገኘነው።

የድሮውን ስልክ ቶሎ አትንቀሉት። መብራት ሲጠፋ ታመሰግኑታላችሁ።