አለርጂ፣ አስም ወይም ቁርጥማት ያለበት ሰው ኬሞ ሲጀምር

አብዛኛው ኬሞ (የካንሰር ሕዋስን የሚገድል መድኃኒት) ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። ሩማቶይድ (መከላከያው ራሱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት ቁርጥማት) ያለበት ሰው በሕክምናው ወራት መገጣጠሚያው ሊሻለው፣ ሲጨርስ ደግሞ ቁርጥማቱ ሊመለስበት የሚችለው ለዚህ ነው። እንደ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ያሉት ሌሎች የካንሰር መድኃኒቶች ግን የመከላከያውን ፍሬን ይለቃሉ፤ መከላከያው ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃባቸውን ነባር ሕመሞች፣ እንደ ሉፐስ ወይም ሶሪያሲስ (የቆዳ ሕመም) ያሉትን፣ ሊቀሰቅሱ፣ ጤነኛ የነበረን ታይሮይድ፣ አንጀት ወይም ሳንባም ሊያስቆጡ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ነባር ሕመማችሁን ማወቅ ያለበት መድኃኒቱን ከመምረጡ በፊት ነው። የጨረር ሕክምና የታዘዘለትም ሉፐስ ወይም ስክሌሮደርማ (ቆዳን የሚያደርቅና የሚያጠነክር ሕመም) ካለበት አስቀድሞ ይናገር፤ ቆዳው ከሌላው ሰው የባሰ ሊጎዳ ይችላል።

ከመንዝም ሆነ ከሸዋ ሮቢት ወደ አዲስ አበባ ስትነሡ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ያዙ። «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ማለት ብቻ አይበቃም። በተወሰደ በስንት ደቂቃ ምን እንደሆነ ተናገሩ፦ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠትና ትንፋሽ ማጠር አለርጂ ነው፤ ጨጓራ ማቃጠል ግን አይደለም። ያልሆነውን አለርጂ ብሎ ማስጻፍ የሚጠቅም መድኃኒት ያስቀራል። ለግፊት ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የምትወስዱ ይህን አትርሱ፤ ከባድ አለርጂ ቢመጣ አድሬናሊን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ለቁርጥማት ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ፀረ ባክቴሪያ ከተጨመረበት መቅኔው ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ከሦስት ሳምንት በላይ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎንንም በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ቀንሷልና። ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት የታዘዘለት ደግሞ ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ያድርግ፤ ተኝቶ የነበረው ቫይረስ ሊነሣ ይችላል።

ፓክሊታክስል በተባለው የኬሞ መድኃኒት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መድኃኒቱ የሚሟሟበት ዘይት ራሱ ስለሚያስቆጣ አስቀድሞ አለርጂን የሚከላከለው ዴክሳሜታሶን ይሰጣል። በክኒን የሚታዘዘው የተለመደው መጠን 20 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከመድኃኒቱ 12 ሰዓትና 6 ሰዓት ሲቀረው ይወሰዳል። ቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ የመጀመሪያው ማታ 3 ሰዓት፣ ሁለተኛው ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ሆስፒታል ስንደርስ እንውጠዋለን ማለት አይሆንም። ካርቶኑን አንብቡ፦ ባለ 4 ሚሊ ግራም ከሆነ 5 ፍሬ፣ ባለ 0.5 ከሆነ 40 ፍሬ ነው። አንዳንድ ሐኪም በደም ሥር ስለሚሰጥ የተጻፈላችሁን ተከተሉ። ጨጓራ እንዳይነካ ከምግብ ጋር ይወሰድ፤ ጾም ከሆነ የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ አማክሩ። ስኳር ያለበት በእነዚያ ቀናት ስኳሩ ስለሚጨምር ቶሎ ቶሎ ይለካ።

መድኃኒቱ መንጠባጠብ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች በንቃት ጠብቁ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ዙር የሚያሰጋው በእነዚህ ደቂቃዎች ነው። ፊት መቅላት፣ መዳፍ ማሳከክ፣ ደረት መጨነቅ ወይም ድንገተኛ የወገብ ሕመም ከተሰማ ወዲያው ነርሷን ጥሩ፤ «ያልፋል» ብሎ መቻል አያስፈልግም። ነርሷ መድኃኒቱን ታቆማለች፤ ከባድ ከሆነ አዋቂ ሰው 0.5 ሚሊ ግራም አድሬናሊን ጭኑ ላይ ይወጋል። ቀላል ከነበረ በሐኪም ውሳኔ ቀስ ብሎ ሊቀጥል ይችላል። ካርቦፕላቲን የተባለው ሌላው የኬሞ መድኃኒት ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ስድስት ጊዜ ያለችግር ወስዶ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ሊያስቆጣ ይችላልና ለምዶኛል ብላችሁ አትዘናጉ።

ከሁሉ በላይ የምንፈራው ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ያለውን ትኩሳት ነው። ነጭ የደም ሴል በብዛት የሚቀንሰው ኬሞ ከተወሰደ ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ራስ ምታትና ትኩሳት ሲመጣ እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ሐሳብ «ምች መታው» ነው፤ ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ላብ እስኪወጣ ይሸፈናል፣ ሌሊቱም ያልፋል። እነዚያ ሰዓቶች ሕይወት ያስከፍላሉ። ቴርሞሜትር ገዝታችሁ አስቀምጡ፤ 38 ከደረሰ አዲስ አበባ ድረስ ልሂድ ሳትሉ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ፣ በር ላይ «ኬሞ ላይ ነኝ» በሉ፣ ካርዱንም አሳዩ። ፓራሲታሞል ውጦ መጠበቅ ትኩሳቱን ይሸፍናል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያጠፋም። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የሚወስድ ሰው ደግሞ ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳት ላያሳይ ስለሚችል ብርድ ብርድ ካለው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ድንገት ከደከመ ቴርሞሜትሩ 37 ቢልም ይሂድ።