ትንሿን አውሮፕላን በፖስታ ስትቀባበሉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ በሪሞት የሚበሩ ትናንሽ አውሮፕላኖችን የሚወዱ ሰዎች አንድ ደስ የሚል ልማድ አላቸው። አንዱ አውሮፕላን ይገዛል። ለጥቂት ጊዜ ያበርረውና በካርቶን አሽጎ ሌላ ግዛት ላለ ሰው በፖስታ ይልከዋል። ያም ሰው አብርሮ ለሚቀጥለው ያሳልፈዋል። ዕቁብ የጣለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ተራ አለ፣ ሰብሳቢ አለ፣ መተማመን አለ።

እኔ ይህን ልማድ እጅግ እወደዋለሁ። መቶ ምናምን ዶላር አውጥቶ ለመሞከር የሚያመነታ ሰው በፖስታ ዋጋ ብቻ ጥሩ አውሮፕላን እጁ ይገባል። ለዚህም ነው አንድ ዙር በማይረባ ነገር ተበላሽቶ ሲቀር የሚቆጨኝ። አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላኑን የሚጨርሰው አየር ላይ የሚደርስበት ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የሚደርስበት ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ዩኤምኤክስ ራዲያን የሚባለውን እንውሰድ። በሞተር ከፍ ካለ በኋላ ሞተሩ ሲጠፋ እየተንሳፈፈ የሚወርድ ግላይደር ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 73 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 43 ግራም ገደማ ነው።

ትልቅ አውሮፕላን መምረጥ

ትልቅ አውሮፕላን ሜዳ ላይ በደንብ ይታያል፣ ንፋስም ይችላል። ለፖስታ ግን አይሆንም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት የሳጥኑ ርዝመት ከ22 ኢንች ሲያልፍ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፤ ከ30 ኢንች ሲያልፍ ደግሞ ክፍያው ከፍ ይላል። የራዲያን ክንፍ 28.7 ኢንች ነው። ሳጥኑ ከ30 እንዳይዘል ከፈለጋችሁ ለካርቶኑ ውፍረትና ለመደገፊያው የሚቀራችሁ አንድ ኢንች ያህል ብቻ ነው። ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ።

ሌላው ቁጥር 250 ግራም ነው። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከዚያ በላይ የሚመዝን ነገር የሚያበርር ሰው እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ክፍያው 5 ዶላር ነው፣ ለ3 ዓመት ያገለግላል። እሱስ ከባድ አልነበረም። ችግሩ ለመዝናኛ የሚያበርር ሰው የሚመዘገበው በራሱ ስም መሆኑ ነው፤ የሚሰጠውንም አንድ ቁጥር ባሉት አውሮፕላኖች ሁሉ ላይ ከውጪ ይለጥፋል። እጅ በሚቀያይር አውሮፕላን ላይ የማን ቁጥር ይለጠፍ? ሪሞት አይዲ የሚባለው መለያ አስተላላፊም አለ። ለመዝናኛ እስከሆነ ድረስ ከ250 ግራም በታች ያለው አውሮፕላን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው። ቀላሉን ምረጡ።

ባትሪውን አብሮ መላክ

ፖስታ ቤት ስትሄዱ ሠራተኛዋ ትጠይቃችኋለች። የሚሰበር ነገር አለበት? ፈሳሽ? ሊቲየም ባትሪ? ሽቶ? ብዙ ሰው ጥያቄውን ከመልመዱ የተነሳ ሳያስብ «የለም» ይላል። ጥያቄው ግን ለወግ የሚጠየቅ አይደለም። እነዚህ አውሮፕላኖች የሚጠቀሙበት ሊፖ የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ከተወጋ ወይም ከተጨፈለቀ ሊቀጣጠል ይችላል። ካርቶናችሁ ደግሞ በመኪና ይሂድ በአየር እናንተ አታዩትም። ለዚህ ነው ያገለገለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሊቲየም ባትሪ ጋር ሲላክ በየብስ ብቻ እንዲጓዝ ፖስታ ቤቱ በ2022 የደነገገው። ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍም አድራሻው ባለበት ገጽ ላይ መኖር አለበት። ያበጠ ወይም የተጎዳ ባትሪማ በምንም መልኩ ፖስታ ቤት አይወሰድም። እሱ የሚወሰደው ባትሪ ወደሚሰበሰብበት ቦታ ነው።

የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ባትሪ ጨርሶ አትላኩ። ራዲያን የሚበረው ባለ አንድ ሴል 150 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል። ወደ ዙሩ የሚገባ ሰው ሁሉ የራሱን ባትሪና ቻርጀር ይያዝ። ሰብሳቢው የባትሪውን መሰኪያ ዓይነት ከመጀመሪያው ያሳውቅ። ትናንሽ ባትሪዎች መጠናቸው አንድ ሆኖ መሰኪያቸው ሊለያይ ይችላል። አውሮፕላኑ ቤት ደርሶ በመሰኪያ ምክንያት ሳይበር ሲቀመጥ ያናድዳል።

ተራችሁ እስኪደርስ ደግሞ ባትሪያችሁን ሞልታችሁ አታስቀምጡት። 4.2 ቮልት ላይ ሳምንታት የቆየ ሊፖ አቅሙ ይቀንሳል፣ ያብጣልም። 3.8 ቮልት አካባቢ አቆዩትና የምትወጡ ዕለት ሙሉት።

ሙጫም አትላኩ። ሱፐር ግሉ የትም ይሸጣል።

ሳጥኑን በጨርቅና በጋዜጣ መጠቅጠቅ

አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰው «እንዳይንቀሳቀስ» ብሎ ያገኘውን ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ይጠቀጥቃል። አውሮፕላኑ በእርግጥ አይንቀሳቀስም፤ ግን ሳምንት ሙሉ ተጨምቆ ይከርማል። አውሮፕላኑ የተሠራበት ፎም ለረጅም ጊዜ ከተጫኑት ይጣመማል። በበጋ ሙቀት የፖስታ መኪና ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። የክንፉ ጫፍ በትንሹ እንኳ ከተጣመመ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን እየጎተተ ያስቸግራል።

በተለይ ሁለት ቦታዎችን ምንም ነገር እንዳይነካቸው አድርጉ። አንደኛው የጭራው ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ናቸው። ከኤሌክትሮኒክ ቦርዱ ላይ ካሉት ሰርቮ የሚባሉ መሪ አንቀሳቃሽ ትናንሽ ሞተሮች ጋር የሚያገናኛቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ ዘንግ ነው። ጭራው ሲገፋ ዘንጉ ይጎብጣል፤ ወይም የሰርቮው ጥርስ ይሰበራል። ከውጪ ሲታይ ምንም የሆነ አይመስልም። ሁለተኛው ፕሮፔለሩ ነው። ፕሮፔለሩ ሲገፋ ጫናው ወደ ሞተሩ ዘንግ ያልፋል፤ የተጣመመ ዘንግ ደግሞ አውሮፕላኑን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል።

ጥሩው ዘዴ አውሮፕላኑን በጠንካራ ቦታው ብቻ መያዝ ነው። ከካርቶን ሦስት ቁራጭ ቁረጡ። በእያንዳንዱ ላይ የአካሉን ቅርጽ የሚመስል ቀዳዳ አውጡ። አንዱ ከአፍንጫው ኋላ፣ አንዱ ከክንፉ ሥር፣ አንዱ ከጭራው ፊት ይያዘው። ክንፉና ጭራው አየር ላይ ይንጠልጠሉ። ቁራጮቹን ሳጥኑ ላይ በሙጫ አጣብቁና 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉባቸው፤ የሚቀጥለው ሰው ሲያሽግ አይደናገርም። ፎሙ ላይ በቀጥታ ስኮች አትለጥፉ። ሲላጥ ቀለሙን ይዞ ይነሳል፤ አንዳንዴም ፎሙን ራሱን።

ከዘጋችሁት በኋላ ሳጥኑን ቀስ ብላችሁ ወዘወዙት። የሚንኳኳ ነገር ከሰማችሁ ክፈቱትና አስተካክሉ።

የጠገኑትን አለመናገር

ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ይህ ነው። አውሮፕላን ይወድቃል። ፎም ስለሆነ ይጣበቃል፣ ነውርም የለውም። ነውሩ ለቀጣዩ ሰው አለመናገሩ ነው።

ምን እንደሚያመጣ በቁጥር እንየው። ጭራው ተሰብሮ በአንድ ግራም ሙጫ ተጣበቀ እንበል። ጭራው ከሚዛን ነጥቡ፣ ማለትም አውሮፕላኑ ሲደገፍ ቀጥ ከሚልበት ቦታ፣ ያለው ርቀት ከአፍንጫው 3 እጥፍ ቢሆን፣ ሚዛኑን ለመመለስ አፍንጫው ላይ 3 ግራም መጨመር ያስፈልጋል። በድምሩ 4 ግራም ሆነ፤ 43 ግራም በሚመዝን አውሮፕላን ላይ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። አፍንጫው ላይ ካልተጨመረ ደግሞ ጭራው ይከብዳል። ጭራው የከበደ አውሮፕላን ከእጅ እንደወጣ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳል፣ ፍጥነቱን ያጣል፣ ከዚያ ይወድቃል። አዲሱ ባለተራ ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። አፍሮ ዝም ይላል። ሁለተኛውን ስብራት በሌላ አንድ ግራም ያጣብቀዋል። ዙሩ የሚሞተው እንዲህ ነው።

መድኃኒቱ አንድ ደብተር ነው። ከአውሮፕላኑ ጋር ይጓዛል። እያንዳንዱ ባለተራ ሲደርሰው በምን ሁኔታ እንዳገኘው፣ ምን እንደተሰበረ፣ በምን ሙጫ እንደጠገነው፣ ሲልከው ስንት ግራም እንደመዘነ ይጽፍበታል። ለዚህ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። የሚዛን ነጥቡም ከክንፉ ሥር በእስክሪብቶ በሁለት ነጥብ ምልክት ይደረግበት። አዲሱ ሰው ባትሪውን ካስገባ በኋላ ነጥቦቹን በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ደግፎ ያነሳዋል። ቀጥ ካለ ወይም አፍንጫው በትንሹ ዝቅ ካለ ደህና ነው። ጭራው ከወረደ ሳያበርር ያስተካክል።

የሙጫው ዓይነትም ይጻፍ። ተራ ሱፐር ግሉ አንዳንዱን ፎም በደንብ ይይዛል፤ ነጩን ስቴሮፎም ግን ያቀልጠዋል። ጥርጣሬ ካላችሁ ለፎም ተብሎ የተሠራውን ተጠቀሙ።

ሪሞቱን ሳያጣሩ ተራ መያዝ

ሪሞት ሁሉ ከአውሮፕላን ሁሉ ጋር አይግባባም። የራዲያን ሪሲቨር (የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው ክፍል) የሚግባባው ዲኤስኤምኤክስ ከሚባለው የስፔክትረም ኩባንያ ቋንቋ ጋር ነው። የሌላ ኩባንያ ሪሞት ያለው ሰው ይህን ቋንቋ እንደሚችል አስቀድሞ ያረጋግጥ። ሳያረጋግጥ ተራ የያዘ ሰው አውሮፕላኑን ሁለት ሳምንት አስቀምጦ ከመመለስ ሌላ ምርጫ የለውም።

አዲስ ሪሞት ከተጣመረ በኋላ ከመወርወራችሁ በፊት መሪዎቹን ፈትሹ። ከአውሮፕላኑ ኋላ ቁሙ። የሪሞቱን ዱላ ወደ ቀኝ ስትገፉ የጭራው መሪ ወደ ቀኝ ይታጠፍ። ወደ ራሳችሁ ስትስቡ የጭራው አግዳሚ ክፍል ወደ ላይ ይነሳ። የቀድሞው ባለተራ ሪሞት ላይ አቅጣጫው ተገልብጦ ከነበረ የእናንተ ያንን አያውቅም።

የሚያበርሩበትን ቦታ አለማጣራት

ይህ በተለይ የእኛን ሰው ይመለከታል። ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ዋሽንግተን ዲሲ ራሱ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ክልል ውስጥ ናቸው። በዚያ ክልል ያለ ልዩ ፈቃድ ከቤት ውጪ ምንም ዓይነት ድሮን ወይም በሪሞት የሚሄድ አውሮፕላን ማብረር ክልክል ነው። «43 ግራም ብቻ ነው» ማለት አያድንም። 250 ግራሙ የሚያድነው ከምዝገባ እንጂ ከአየር ክልል ሕግ አይደለም።

ታዲያ የዲሲ ሰው ከዙሩ ይውጣ? በፍጹም። ከ15 ማይሉ ወጣ ብሎ እስከ 30 ማይል ባለው ክልል ደንቡን ጠብቆ ማብረር ይቻላል። አለዚያም ቤት ውስጥ አለ፤ የአቪዬሽን ሕጉ ጣሪያ ሥር አይገባም። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም የትምህርት ቤት ጂም አስፈቅዶ ማብረር ይቻላል። ለዚያ ግን ራዲያን ይበዛል። እንደ ናይት ቬፐር ያለ በእግር መንገድ ፍጥነት የሚበር ይሻላል። የዙሩ ሰዎች አብዛኛዎቹ ዲሲ አካባቢ ከሆኑ አውሮፕላኑን ስትመርጡ ይህን አስቡ።

የትም ብትሆኑ ትረስት የሚባለውን ነፃ የኢንተርኔት ፈተና ውሰዱ፤ ለመዝናኛ የሚያበርር ሁሉ ክብደቱ ምንም ይሁን ግዴታው ነው። ከፍታው ቁጥጥር በሌለበት የአየር ክልል ከ400 ጫማ አይለፍ። 43 ግራም ያላት ነገር እዚያ ሳትደርስ ከዓይን መጥፋቷ አይቀርም። ክፍት ሜዳ የሌለው ሰው በ1936 የተመሠረተው አካዳሚ ኦፍ ሞዴል ኤሮኖቲክስ ያቀፋቸውን ክለቦች ይጠይቅ። ሜዳ አላቸው፤ የማኅበሩ አባልነትም የጉዳት ኢንሹራንስ አለው።

ተራውን በምዝገባ ቅደም ተከተል ማድረግ

ፍትሐዊ ይመስላል፣ ግን ገንዘብ ያባክናል። የፖስታ ዋጋ በርቀት ይጨምራል። ከሜሪላንድ ካሊፎርኒያ፣ ከካሊፎርኒያ ተመልሶ ጆርጂያ ከሚላክ በካርታው ላይ ጎረቤት የሆኑት ይከታተሉ። የአየር ጠባዩም ይታሰብ። በጥር ሚኒሶታ የሚገኝ ሰው መስኮት ላይ ሆኖ በረዶ ሲያይ ይከርማል፤ የእሱ ተራ ሰኔ ይሁን። ለአንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይበቃል። ይህች አውሮፕላን ንፋስ አትወድምና ጧት በማለዳ ወይም ወደ ማታ ውጡ።

አዲስ አበባ ያለ ወንድም ወይም ጓደኛ በዙሩ ውስጥ እንዲገባ የሚፈልግ አይጠፋም። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ወደ ኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባት አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሪሞት የሚበር ነገር በፖስታ ልኮ «ይህ መጫወቻ ነው» ብሎ ጉምሩክን ለማሳመን መሞከር የሰዎችን የጋራ ንብረት ለአደጋ መስጠት ነው።

አድራሻን ለሁሉም መበተን

ስልክና የቤት ቁጥር ሰብሳቢው ብቻ ይያዝ። ለላኪው የሚነገረው የቀጣዩ ሰው አድራሻ ብቻ ነው። የመከታተያ ቁጥሩ በዚያው ቀን ይላክ፤ ሳጥኑ በር ላይ ተጥሎ እንዳያድር።

«ሲሰበር እናያለን» ማለት

ከመጀመሪያው ሳጥን በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። ወደ ቀጣዩ የመላኪያውን ማን ይከፍላል? ብዙ ጊዜ ባለተራው ነው። የሰበረ ይጠግናል? አዎ፣ የሚችለውን ያህል። መጠገን የማይችል ሰውስ? አያፍር፣ ስብራቱን ደብተሩ ላይ ጽፎ መጠገን ለሚችል ይላክ፤ በየዙሩ አንድ ሁለት እጀ ብልህ ሰው አይጠፋም። ፖስታ ላይ ከጠፋስ? የፖስታ ቤቱ ግራውንድ አድቫንቴጅ አገልግሎት እስከ 100 ዶላር ኢንሹራንስ አለው፤ ደረሰኙ ግን መቀመጥ አለበት። ከእንግዲህ አይበርም ሲባል ደግሞ ቦርዱና ሞተሩ ይወልቁ። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ፎሙ ብቻ ተገዝቶ ሌላ ዙር ይጀመራል።