ቤንች 70 ኪሎ ላይ ተቸክሎብኝ ነበር፣ እንዲህ ነው ያስለቀቅኩት

አራት ወር ሙሉ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት ከደረት ወደ ላይ መግፋት) 70 ኪሎ ላይ ቆሞብኝ ነበር። ለካ እያንዳንዱን ዙር ክንዴ እስኪዝል፣ ብረቱ ደረቴ ላይ እስኪቀር ነበር የምገፋው፣ ጂም ውስጥ ደሞ "አንድ ጨምር! አንድ ጨምር!" የሚል አይጠፋም፣ እኔም ሞኙ እጨምራለሁ። መጀመሪያው ዙር 8 ጊዜ፣ ቀጥሎ 5፣ ከዛ 3፣ ከዛ ትከሻዬን ሁለት ቀን ያመኛል።

ምን አደረግኩ፣ ክብደቱን ወደ 62.5 አወረድኩና 3 ዙር በ6 በ6፣ ሁሌም ሁለት ያህል መጨመር እየቻልኩ ማቆም። ስንት እንደቀረህ መገመት መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ እኔ የማየው ፍጥነቱን ነው፣ በደንብ እየገፋሁት ብረቱ መንቀርፈፍ ሲጀምር እዛው ላይ አቆማለሁ። እረፍት 3 ደቂቃ (ድሮ 1 ደቂቃ ነበር፣ እሱም ሌላ ጥፋት)። ሦስቱም ዙር 6 ሲሞላ 2.5 ኪሎ እጨምራለሁ፣ ካልሞላ በዛው እደግመዋለሁ።

እስኪያቅተኝ መግፋቱን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም፣ ባይሴፕስ (የክንድ ጡንቻ) እና ማሽን ላይ የመጨረሻዋን ዙር እስኪያቅተኝ እገፋታለሁ፣ እዛ ቢያቅትህም አደጋው ያነሰ ነው። ቤንች ላይ ግን ከኋላ የሚይዝልኝ ሰው ከሌለ አልሞክራትም።

በስምንተኛው ሳምንት 75 ኪሎ 5 ጊዜ ወጣ፣ ትከሻዬም ዝም ብሏል።