ለማታ ፎቶ ቴሌ ሌንስ ስትገዙ፣ ለድሬና ለሐረር ልጆች

አቦ ጀመዓ፣ ቴሌ ሌንስ (ሩቁን አቅርቦ የሚያነሳውን) ልገዛ ነው የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሚሊሜትር ልግዛ" ብሎ ነው፣ 250 ይሻላል 300 ይሻላል ምናምን። ለቀን ከሆነ ይሁን፣ ድሬ ፀሐይ አጥታ አታውቅም። ሐረር ጅብ ሲበላ ላንሳ፣ የሰርግ ማታ ላንሳ፣ ከዚራ ዛፎቹ ስር መብራት ሲበራ ሰው ላንሳ ለሚል ግን መጀመሪያ የሚታየው ሌላ ቁጥር ነው፣ ሌንሱ ፊት ለፊት 1:1.8 ወይም 1:4-5.6 ተብሎ የተጻፈው፣ ኤፍ 1.8 ምናምን የሚባለው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብዙ ብርሃን ያስገባል፣ ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ለእሱ ነው።

በጅቡ እንየው። ከጀጎል ውጪ ሰውዬው ስጋውን እንጨት ላይ አድርጎ እንጨቱን በጥርሱ ይዞ ቁጭ ብሏል፣ ያለው መብራት የባጃጅ ወይም የመኪና ነው፣ ጅቡ ደግሞ ቆሞ አይጠብቃችሁም አንገቱን ወርወር አድርጎ ነጥቆ ይመለሳል። ሻተራችሁ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ከ1/200 ሰከንድ ከዘገየ ጅቡ ጭስ ሆኖ ነው የሚወጣው። አሁን ያንን ብዙ ሰው ያለውን 55-250 ሌንስ ሙሉ ዙም ስታደርጉት አፐርቸሩ (ያ የብርሃኑ ቁጥር) 5.6 ላይ ይቆማል፣ ስለዚህ 1/200 ለማግኘት አይኤስኦ (ካሜራው ጨለማውን ለማብራት የሚጨምረው ቁጥር) 12800 ድረስ ልትወጡ ትችላላችሁ፣ በአሮጌ ክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ አነስ ያለው) እዛ ላይ የሚወጣው ፎቶ አሸዋ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። እዛው ቦታ፣ ያው መብራት፣ ያው ሻተር፣ ሌንሱ ብቻ 85 ኤፍ 1.8 ቢሆን ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይገባል፣ አይኤስኦው 1250 አካባቢ ይወርዳል። ካሜራ መቀየር ሳያስፈልግ ማለት ነው።

"85 ግን ቅርብ ነው እኮ" የሚል አይጠፋም። ክሮፕ ካሜራ ላይ ካኖን ከሆነ በ1.6 ስታባዙት 136 ይሆናል፣ ኒኮን ከሆነ በ1.5፣ ጅቡም ጥቂት ሜትር ላይ ነው ያለው። ካልደረሰ ቆርጣችሁ አቅርቡት፣ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ ከወርዱም ከቁመቱም ግማሽ ብትቆርጡት 6 ሜጋፒክስል ይተርፋችኋል፣ ኤ4 ለማተምም ለቴሌግራምም ይበቃል። ንጹህ ፎቶ ሲቆረጥ ያምራል፣ ኖይዝ (ያ አሸዋ) የሞላበት ግን ዙም ተደርጎም አያምርም።

ሌላው ሰው የሚሸወድበት አይኤስ ወይም ቪአር የሚባለው ነው። እሱ የእናንተን እጅ መንቀጥቀጥ ነው የሚያረጋጋው፣ ጅቡንም ሙሽራዋንም አያቆምም። ለማይንቀሳቀስ ነገር አሪፍ ነው፣ ጌይ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰፌዶች ለማንሳት ለምሳሌ፣ እዛ በ1/30ም ትሰራላችሁ።

ወደ ግዢው። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ ወዲህ አዲስ ሌንስ ዋጋው ልብ ያቆማል፣ ስለዚህ ያገለገለ ፈልጉ፣ ሌንስ እንደ ካሜራ ቶሎ አያረጅም። ካኖን ላለው ሰው ኢኤፍ 85 ኤፍ 1.8 ነው፣ በፈረንጆቹ 1992 የወጣ ነው ግን ፎከሱ አሁንም ፈጣን ነው። ዮንግኑዎ የሚባለው የቻይናው 85 ደግሞ ይረክሳል፣ ፎከሱ ትንሽ ይሰንፋል እንጂ ይሰራል። ኒኮን ያላችሁ ተጠንቀቁ፣ ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታዮቹ ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም፣ ስለዚህ ኤኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈበትን 85 ኤፍ 1.8ጂ ግዙ፣ መጨረሻው ዲ የሆነውን ረከሰልኝ ብላችሁ ከገዛችሁ ጨለማ ውስጥ በእጃችሁ ስታሽከረክሩ ታመሻላችሁ። ሶኒ ላለው የራሱ ኤፍኢ 85 ኤፍ 1.8 አለ፣ ቪልትሮክስም አለ። ብር ጨርሶ የጠበበበት ሰው 50 ኤፍ 1.8 ይግዛ፣ ክሮፕ ላይ 75 ወይም 80 ሆኖ ይሰራል፣ ጠጋ ማለት ብቻ ነው።

ከዛ በላይ ርቀት የሚያስፈልገው ለምሳሌ ሸዋል ኢድ ማታ ለሚያነሳ ሰው ነው፣ ዩኔስኮ በ2016 ከመዘገበው ወዲህማ ካሜራ የያዘ ሁሉ ሐረር ይገባል፣ ሰዉ ጥቅጥቅ ስለሚል ወደፊት መሄድ አትችሉም። እዛ ላይ ያገለገለ 200 ኤፍ 2.8 ወይም አሮጌው አይኤስ የሌለው 70-200 ኤፍ 2.8 ነው የሚያዋጣው፣ ታምሮንም የራሱ አለው፣ ኒኮን ላይ ሞተር ያለው ካሜራ ከሆነ 80-200 ኤፍ 2.8። ነጩ 70-200 ኤፍ 4 ሰርግ ላይ ያስከብራል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ማታ ከ5.6ቱ የሚሻለው በእጥፍ ብቻ ነው፣ 2.8ቱ ግን በ4 እጥፍ።

420-800 የሚባለውን ረጅም ቱቦ ሌንስ አትንኩት፣ ሲጀምር ኤፍ 8.3 ነው። ሌንሱ ፊት ላይ የሚጠመዘዘው ቴሌ 2.2 የሚሉትም ያው ነው ምስሉን ያደበዝዛል። ሌንሱና ካሜራው መሃል የሚገባው ባለ 2 እጥፍ ኮንቨርተርም ከብርሃናችሁ 3/4ኛውን ይበላዋል።

ድሬ ታይዋን ገበያ ውስጥም ይሁን አዲስ አበባ ስትገዙ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሌንሱን ሁለቱንም ክዳን አውልቁና የስልክ ባትሪ አብርታችሁ ከኋላ በኩል አሳልፉ፣ በፊት በኩል እዩ። ትንንሽ አቧራ ችግር የለውም፣ ፀጉር ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ከዛ ካሜራው ላይ ግጠሙና ኤፍ 8 አድርጋችሁ ፊት ለፊቱን እያያችሁ ተኩሱ፣ የአፐርቸሩ ምላጮች ቶሎ ከፈት ዘጋ ማለት አለባቸው፣ ከዘገዩ ወይ ዘይት ካላቸው ቅባቱ ቀልጦ ወርዷል ማለት ነው፣ የድሬ ሙቀት ውስጥ መኪና ላይ ሌንስ ትታችሁ አትሂዱ የምላችሁም ለዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ሱቁ ውስጥ ጨለም ያለ ጥግ ፈልጋችሁ ጋዜጣ አጋድማችሁ አስቀምጡ፣ በ1.8 አንድ መስመር ላይ ፎከስ አድርጋችሁ አንሱ፣ የጠራው ሌላ መስመር ከሆነ ሌንሱ ወይም ካሜራው ይስታል። ሻጩ "ፎከሱ እኮ በኋላ ይስተካከላል" ካለ ቻው በሉት። በቴሌግራም አይታችሁ በአውቶብስ የሚላክ ከሆነ የባትሪውን ነገር ቪዲዮ ቀርጾ ይላክላችሁ፣ ሳታዩ ብር አትልቀቁ።

ማታ ላይ ካሜራውን ማኑዋል (ሻተሩንም አፐርቸሩንም ራሳችሁ የምትመርጡበት) አድርጉት፣ ኋላው ጥቁር ስለሆነ ለብቻው ከተዋችሁት ፊቱን ነጭ አድርጎ ያቃጥለዋል። ፎከሱን መሃለኛዋ ነጥብ ላይ፣ መብራት ያረፈበት የፊት ጠርዝ ላይ። 85 በ1.8 ክሮፕ ካሜራ ላይ 3 ሜትር ላይ የሚጠራው 8 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ብቻ ነው፣ የሰውዬው ዓይን ሲጠራ የጅቡ አፍንጫ ይደበዝዛል፣ ሁለቱም ይጥሩልኝ ካላችሁ ጎን ለጎን የሚሆኑበት አቅጣጫ ዞራችሁ ቁሙ ወይም ቁጥሩን ወደ 2.8 ከፍ አድርጉት። ፍላሽ አትተኩሱ፣ የጅቡ ዓይን ሁለት አምፖል ሆኖ ነው የሚወጣው፣ የሚያበላውንም ሰውዬ ታውኩታላችሁ።

ርካሽ ዩቪ ፊልተር ካላችሁ ማታ አውልቁት፣ የባጃጁ መብራት አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ሌላ ቦታ ይደገማል። ሁድ (ከጎን የሚመጣ መብራት የሚከልለው የሌንስ ኮፍያ) ግን ይኑራችሁ፣ የካኖኑ 85 ከሁድ ጋር ስለማይመጣ ለብቻው ትገዙታላችሁ፣ ሻጩ ካለው ዋጋ ስትከራከሩ ጨምርልኝ በሉት።